ከስድስተኛው ሥዕል እስከ ሰባተኛው

«የሚንቀሳቀስ ገጽ ያየ ሰው ዓይኑ ገጹን ተከትሎ ሄዶ ይቀራል» የሚለውን ወሬ በአገራችን ያልሰማ ሰው የለም። ሁላችንም የሰማነው ደግሞ ከአንድ አፍ ነው፤ ከወይዘሮ ትሁኔ። ወይዘሮ ትሁኔ የአረጋጊዎች ጽሕፈት ቤት የጽዳት ሠራተኛ ናቸው። ወለል ሲወለውሉ ይሉታል፣ ምሳ ሲበሉ ይሉታል፣ ሰው ሲያስነጥስ እንኳ «ይማርህ» ብለው ይቀጥሉበታል።

«የቆላው ሰውዬ፣» ይላሉ፣ «ገጽ ላይ ወፍ ስትበር አየ። ዓይኑ ወፏን ተከተለ። ወፏ ከገጹ ወጣች፤ ዓይኑም አብሮ ወጣ።»

«አሁን ሰውዬው የት ነው ያለው?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

«ዓይኑን ፍለጋ ሄዷል» አሉኝ።

ሕጉ ከወሬው መጣ ወይስ ወሬው ከሕጉ፣ እስከ ዛሬ ያጣራ የለም። ሕጉ ግን አጭር ነው፤ በገጽ ላይ ያለ ነገር አይንቀሳቀስም ይላል። ይህንን የሚያስከብሩት አረጋጊዎች ይባላሉ። መጽሐፍ ወረቀት ብቻ በነበረበት ዘመን ሥራቸው ቀላል ነበር፤ ጠዋት ገብተው መጻሕፍቱ እንዳልተንቀሳቀሱ አይተው ይወጡ ነበር። ታብሌት የመጣ ጊዜ ጭንቀት ያዛቸው። ስለዚህ በታብሌት የሚነበብ መጽሐፍ ሁሉ ወረቀት እንዲመስል አዘዙ። የገጹ ጠርዝ ቢጫ ይሁን፣ መሃሉ ላይ የክር ስፌት ይሣልበት፣ አንባቢም ገጽ ከመግለጡ በፊት ጣቱን በምራቁ ያርስ ተባለ። ሕዝባችን ታዛዥ ነው፤ ጣቱን እየላሰ ስክሪን ይገልጣል። በዚህ ምክንያት በአገራችን ያለ ታብሌት ሁሉ ይጣበቃል፤ አቧራም ይይዛል። ማንም እንደ ችግር አይቶት አያውቅም።

እኔ ትርንጎ እባላለሁ። ሥራዬ ለታብሌት መጻሕፍት ሥዕል መሣል ነው። ማን አስተማረሽ የሚሉኝ አሉ፤ ማንም አላስተማረኝም። ስክሪናቸው የተሰነጠቀ ሦስት ታብሌቶች ከአንድ ጥገና ቤት ደጃፍ ለቅሜ፣ ሁለቱን ለሦስተኛው መለዋወጫ አድርጌ፣ ራሴን በራሴ አስተማርኩ። አንዲትን እጅ ትንሽ ትንሽ እያዘነበልኩ አሥራ ሁለት ጊዜ ሥዬ፣ አሥራ ሁለቱን በአንድ ሰከንድ ሳሳልፋቸው እጅየዋ ስትወዛወዝ ያየሁ ቀን በሬን ዘግቼ ብቻዬን ሳቅሁ። አኒሜሽን እንደሚባል የሰማሁት ከሠራሁት በኋላ ነው። የሥዕል ትምህርት ቤት የጨረሱት ሥለው ሲያበቁ እጃቸውን ይታጠባሉ፤ እኔ ሥዬ ሳበቃ ሥዕሉ እጁን ይታጠባል። ይህንን ለማንም አላሳየሁም። የሚንቀሳቀስ ገጽ የተገኘበት ሰው ታብሌቱ በመዶሻ ይደቅቃል፤ እሱም ሦስት ዓመት ሙሉ ግድግዳ ብቻ ይቀባል። ግድግዳ ይረጋል።

ከተማችን ገደል አፋፍ ላይ ነው ያለችው። ከማዶ ጋር የሚያገናኘን አንድ የገመድ ድልድይ ነው። ጨው በእሱ ይመጣል፣ መድኃኒት በእሱ ይመጣል። ክረምት እንደወጣ፣ ጉም ገደሉን በሞላበት አንድ የታወቀ ጠዋት ድልድዩ በአዲስ ገመድ ይታደሳል። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቤት አለን፤ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ቋጠሮ ይደርሰዋል። ገመዱ ውሃ ውስጥ ከርሞ እርጥብ እንዳለ ይቋጠራል፤ ፀሐይ አግኝቶት ከደረቀ እሺ አይልም። በዚያ ጠዋት ያልታደሰ ድልድይ አደጋ ነው ተብሎ ተቆርጦ ይጣላል። የተቆረጠ ድልድይ እስከሚቀጥለው ዓመት አይዘረጋም። በእናቴ ዘመን አንድ ጊዜ ተቆርጦ ነበር። በዚያ ዓመት የተወለደ ሰው ከተማችን ውስጥ አይገኝም።

ቋጠሮውን የሚያስተምር መጽሐፍ በየቤቱ ታብሌት ላይ አለ። ሰባት የረጉ ሥዕሎች አሉት። እስከ ስድስተኛው ድረስ ማንም ይከተለዋል። በስድስተኛው ሥዕል የገመዱ ጫፍ ከቀለበቱ በስተግራ ይታያል። በሰባተኛው ከቀለበቱ በስተቀኝ ነው፤ ጠብቋልም። በመሃል ምን እንደሆነ ሥዕሉ አይናገርም። ሊቃውንት ግን ሰባት ቅጽ ማብራሪያ ጽፈውበታል። ጫፉ ከላይ ዞሮ ነው የሚሉት ላይኞች ይባላሉ፤ ከሥር ሾልኮ ነው የሚሉት ታችኞች። ላይኛና ታችኛ አይጋባም፣ ቢጋባም ሠርጉ ላይ ሰው አይመጣም። ከሁለቱም ወገን ቋጥሮ የሚያውቅ የለም።

ታዲያ ድልድዩ እንዴት ኖረ? በአያ ጥላዬ። የዕድሳቱ ጠዋት ሁሉም በየቋጠሮው ፊት ቆሞ እስከ ስድስት ይሠራል፤ ከዚያ ገመዱን ይዞ ይጠብቃል። አያ ጥላዬ ከዳር ይጀምራሉ። እጃቸው ገመዱ ላይ ብልጭ ይላል፤ ሰባተኛው ሥዕል ሆኖ ይገኛል፤ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱን ጉሙ ሳይነሳ ይጨርሱና እስከ ድልድዩ መሃል ሄደው ሦስት ጊዜ ይዘላሉ። ከዚያ ተመልሰው ቤታቸው ይገባሉ። ከመሃል አልፈው አያውቁም፤ ገበያና ጫጫታ አይወዱም። ሚስጥር የሚደብቁ ሰው አይደሉም። «ቀስ ብለው ያሳዩን» ሲባሉ ይሞክራሉ፤ ቀስ ሲሉ ግን እጃቸው ይጠፋበታል። እጃቸው የሚያውቀው በፍጥነቱ ብቻ ነው። ሠላሳ ዓመት አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ የሚል ሰው፣ ያየው ብልጭታውን ነው።

ዕድሳቱ አርባ ቀን ሲቀረው አያ ጥላዬን በቅሎ ጣለቻቸው። የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። ወጌሻው በቀርከሃ አስሮ ስልሳ ቀን እንዳይነካ አለ። ከተማው ተሰበሰበ። ላይኞች ስምንተኛ ቅጽ እንዲጻፍ ሐሳብ አቀረቡ፤ ታችኞች ተቃወሙ፤ ስብሰባው በሰላም ተበተነ። እኔ ስብሰባው ሲጀመር ነበር ወጥቼ ወደ አያ ጥላዬ ቤት የሄድኩት።

«አያ፣ ቀኝ እጅ ላውስዎት መጣሁ» አልኳቸው።

«ያንቺ እጅ ቀለም እንጂ ገመድ መች ያውቃል?»

«እርስዎ ያስተምሩታል። የተማረውን እሥላለሁ፤ የሣልኩትን ከተማው ሁሉ ያያል።»

«ስድስተኛውም ሰባተኛውም ተሥሎ የለም እንዴ?»

«እኔ የምሥለው መሃሉን ነው።»

ጢማቸውን በግራ እጃቸው አሹ። «መሃሉ ስንት ነው?»

«እንጃ። መቶም ሊሞላ ይችላል።»

«እኔ እጅ ውስጥ መቶ ነገር አለ ነው የምትይው?»

«አለ፣ አያ።»

ፊታቸው በራ። «በይ ገመዱን አምጪው» አሉ።

ዘጠኝ ቀን ተቀመጥን። እሳቸው ግራ እጅ፣ እኔ ቀኝ እጅ። ምን ማድረግ እንዳለብኝ ሊነግሩኝ አይችሉም፤ ስሳሳት ብቻ ያውቃሉ። ስሳሳት ምላሳቸውን ጠቅ ያደርጋሉ። በመጀመሪያው ቀን ምላሳቸው አላረፈም።

«ይሄ አሁን እጅ ነው ማንኪያ?» አሉኝ።

«ማንኪያም ቢሆን ምሳዎን የሚያጎርስዎት እሱ ነው» አልኳቸው። እውነት ነበር፤ ብቻቸውን ስለሚኖሩ እኔ ነበርኩ የማጎርሳቸው። ሳቁና ጎረሱ፤ ጎርሰው እንደገና ምላሳቸውን ጠቅ አደረጉ።

ስሕተቶቼን ሁሉ ሣልኳቸው። በስድስተኛው ቀን ሦስት መቶ ስሕተት ነበረኝ፤ በሦስት መቶ አቅጣጫ ያልሆነውን አውቅ ነበር። ከላይ አዞርኩት፣ ጠቅ። ከሥር አሾለክሁት፣ ጠቅ። በዘጠነኛው ቀን፣ ደክሞኝ ጫፉን ዝም ብዬ ይዤ ቀለበቱን ገለበጥኩት። ድምፅ የለም። ቀና ስል አያ ጥላዬ ወደ መስኮቱ እያዩ ነው።

«ምነው ዝም አሉ?»

«ምን ልበል? ቋጠርሽው እኮ።»

ጫፉ ከላይ አልዞረም፤ ከሥርም አልሾለከም። ጫፉ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። የዞረው ቀለበቱ ነው። ሰባት ቅጽ ሙሉ ሲፈለግ የነበረው ነገር በአንድ ሽማግሌ እጅ ውስጥ ተቀምጦ በየዓመቱ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ በሰው ፊት ሲያልፍ ኖሯል። እኔ ሰው ማድነቅ ብዙም አይሆንልኝም። የዚያን ቀን ግን ገመዱን አስቀምጬ ያቺን በቀርከሃ የታሰረች እጅ ሳምኩ። አያ ጥላዬ አፍረው «ወጌሻው አትነካ ብሎ የለ!» አሉኝ።

ከዚያ ወደ ሥዕሉ ሥራ ገባሁ። በመቶ አርባ አራት ሥዕል አለቀ። መጀመሪያ በራሱ እንዲሄድ አድርጌ ለአያ ጥላዬ አሳየኋቸው። «ቆንጆ ነው፣» አሉ፣ «ግን እኔን መሰለብሽ፤ ይቸኩላል። ሰው ገመዱን እስኪያነሳ እሱ ጨርሶ ይጠብቀዋል።» ልክ ነበሩ። ስለዚህ ሥዕሉን ለአንባቢው ጣት አስረከብኩት። ጣት ሲያርፍበትና ሲንሸራተት ይሄዳል፤ ጣቱ ሲዘገይ ይዘገያል፤ ጣቱ ሲመለስ ይመለሳል፤ ሲነሳ ይቆማል። ፋይሉ ደግሞ ለከተማው አሮጌ ታብሌቶች ከበዳቸው፤ ከፈቱት በኋላ ይሞታሉ። ተራራውን አጠፋሁ። እጅጌውን አጠፋሁ። ጥላውን አጠፋሁ። ሁለት እጅና አንድ ገመድ ብቻ ቀረ። በአውራ ጣታቸው ላይ ያለችውን ጠባሳ ግን አልነካሁም። እሷን የሚያጠፋ እጅ የለኝም።

አረጋጊዎቹ ማኅተም ካላደረጉበት መጽሐፍ ወደ ሰው ታብሌት አይላክም። ስለዚህ ከአያ ጥላዬ ጋር ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄድን። የምርመራው ሥርዓት የታወቀ ነው። ታብሌቱ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ሦስት አረጋጊዎች እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይቆማሉ፤ ገጽ መንካት ክልክል ነው፤ ቀድሞ አንድ መርማሪ ገጽ ነክቶ ሳይወደው አልቀረም ተብሎ ተጠርጥሮ ነበር። ጎን ባለው ክፍል እንቁላል ይጣዳል። እንቁላሉ እስኪበስል ገጹ ካልተንቀሳቀሰ የረጋ ነው ይባላል። ከሦስቱ የመሃለኛው ዋና አረጋጊው ናቸው፤ የላይኞች መሪ፣ ከሰባቱ ቅጽ የሦስቱ ጸሐፊ። ስለ እሳቸው ብዙ ክፉ ነገር ተናግሬ አውቃለሁ፤ ጥሩ ጥሩ አድርጌ ነው የተናገርኩት።

ቆሙ። አዩ። የኔ ገጽ ማንም ካልነካው ከግድግዳ በላይ ይረጋል። እንቁላሉ በሳህን መጣ። ዋና አረጋጊው ማኅተሙን አነሱ።

ይኼኔ ወይዘሮ ትሁኔ መወልወያቸውን ይዘው ገቡ። «ኧረ ይሄ ምራቅ! ኧረ ይሄ አቧራ! እንዲህ ያለ ነገር ጌቶች ፊት ይቀርባል?» አሉና በእጅጌያቸው ስክሪኑን ጠረግ አደረጉት።

ስክሪኑ ላይ የአያ ጥላዬ እጆች ተነሡ። ቀለበቱ ግማሽ ዞረ።

ወይዘሮ ትሁኔ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። «ዓይኔ! ዓይኔን እዩልኝ! አለ?»

«አለ ወይዘሮ ትሁኔ፣» አለ አንዱ አረጋጊ፣ «ሁለቱም አለ።»

መዶሻው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ይታየኛል። ግድግዳ የምቀባበት ሦስት ዓመት ታየኝ፤ ገደል ውስጥ የሚወድቀው ድልድይ ታየኝ። አያ ጥላዬ ተነስተው ከፊቴ ቆሙ፣ የታሰረች እጃቸውን እንደ ጋሻ ይዘው። ዋና አረጋጊው ስክሪኑ ላይ እንዳፈጠጡ ነው። ቀለበቱ ግማሽ ላይ ቆሟል። ሠላሳ ዓመት የጻፉበት ነገር ግማሹ ፊታቸው ላይ አለ።

«ወይዘሮ ትሁኔ፣» አሉ በመጨረሻ፣ «አቧራው አልወጣም። እንደገና ይጥረጉት።»

ወይዘሮ ትሁኔ ዓይናቸውን ጨፍነው ጠረጉ። ቀለበቱ ዞሮ ጨረሰ።

«አሁንም አለ። ከግራ ጀምረው ይጥረጉ።»

ጠረጉ።

«ቀስ ብለው፣ ወይዘሮ ትሁኔ። አቧራ እኮ በችኮላ አይወጣም።»

አሥራ አንድ ጊዜ አስጠረጓቸው። በሰባተኛው ላይ ወይዘሮ ትሁኔ አንድ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው ነበር። እኔ ከዋና አረጋጊው ጀርባ ነበርኩ፤ ወደ ኋላ የተጣመሩት እጆቻቸው ታዩኝ። ጣቶቻቸው የሌለ ገመድ ይዘው፣ የሌለ ቀለበት እያዞሩ ነበር።

ከዚያ እንቁላሉን አንስተው ላጡ። ነጩን አዩት፣ ጠንካራ ነው። «ገጹ የረጋ ነው፣» አሉ፣ «የተንቀሳቀሰው የወይዘሮ ትሁኔ እጅጌ ነው።» ይኸው ቃል በቃል ተጽፎ ማኅተም አረፈበት። ከሥሩም፣ ይህ መጽሐፍ የደረሰው ቤት ሁሉ ገጹን በዝግታና በተደጋጋሚ ይጥረግ፣ እስኪጠራለት ድረስ፣ የሚል ትእዛዝ ተጨመረ። ስለ ዋና አረጋጊው ከተናገርኳቸው ክፉ ነገሮች ሦስቱን አነሳሁላቸው። ሌሎቹ እንዳሉ ናቸው።

አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶ ነበር። ከተማው በሙሉ ጠረገ። ላይኞች በየቤታቸው ጠረጉ፤ ታችኞች በየቤታቸው ጠረጉ፤ ማንም ማንንም ምን አየህ ብሎ አልጠየቀም። ወይዘሮ ትሁኔ የቆላው ሰውዬ ዓይን መመለሱን ከታመነ ሰው ሰምተው ማውራት ጀመሩ።

የዕድሳቱ ጠዋት ጉሙ ገደሉን እስከ አፉ ሞልቶት ነበር። ሁለት መቶ አሥራ ሁለታችን በየቋጠሯችን ቆምን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ከዚያ ሁሉም ገመዱን ይዞ ቆመ።

ቆመ እንጂ አልቀጠለም። ሁሉም ሰባተኛውን ያውቃል፤ አሥራ ሁለት ቀን ጠርጓል። ግን ዕድሜ ልካችንን ስድስት ላይ ቆመን ስንጠብቅ ኖረናል፤ እግራችንም አንገታችንም የለመደው እሱን ነው። እኔም፣ ያችን ቀለበት መቶ አርባ አራት ጊዜ የሣልኩት እኔ፣ ገመዴን ይዤ ቆሜያለሁ። ጉሙ ከላይ መሳሳት ጀመረ። ገመዱ እጃችን ላይ ይደርቃል።

አያ ጥላዬ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። «ምንድን ነው የምትጠብቁት?» አሉ።

«እርስዎን» አለ አንድ ሰው ከመሃል።

«እኔን!» ተቆጡ። «እኔንማ አሥራ ሁለት ቀን ስትዳብሱኝ ከረማችሁ! ጣታችሁ ላይ ነኝ እኮ! አዙሩት!»

ማንም አልተነቃነቀም። ከዚያ ወይዘሮ ትሁኔ ጣታቸውን በምራቃቸው አራሱ፣ ዓይናቸውን አፈጠጡ፣ ቀለበቱን ገለበጡት። ጠበቀ። «ተቋጠረ እኮ!» ብለው ጮኹ፣ ሌባ የያዙ ይመስል። ያኔ ከዳር እስከ ዳር ሁለት መቶ አሥራ አንድ ቀለበት ዞረ። ብልጭ አላለም፤ በዝግታ፣ ሁሉም እያየው ነው የዞረው። እንደዚያ ያለ ነገር ሥዬ አላውቅም፤ ልሥለውም አልችልም።

አያ ጥላዬ በግራ እጃቸው እያንዳንዱን ቋጠሮ እየነኩ አለፉ። ምላሳቸውን ጠቅ ያደረጉት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የዋና አረጋጊው ቋጠሮ ላይ። ዋና አረጋጊው ፈተው ደገሙት። ከዚያ አያ ጥላዬ እስከ ድልድዩ መሃል ሄደው፣ የታሰረች እጃቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ ሦስት ጊዜ ዘለሉ። ድልድዩ ቻለ።

ሲመለሱ አጠገቤ ቆም አሉ። «መቶ አርባ አራት ነው ያልሽኝ?»

«አዎ፣ አያ።»

«አንዷ ትርፍ ናት። ቀለበቱ ሊገለበጥ ሲል ትንሽ ይቆማል። የኔ እጅ እዚያ ላይ አይቆምም።»

ቤቴ ገብቼ አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ሰባ ሁለተኛዋና ሰባ ሦስተኛዋ አንድ ዓይነት ነበሩ። ሰውየው ዓይን ሳይሆን ሌላ ነገር ነው ያለው። አንዷን አወጣሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጨው ልገዛ ወደ ማዶ ተሻገርኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሻገር ሁልጊዜ እግሬን እያየሁ እሄዳለሁ፤ ማዶ ስደርስ ወደ ገበያው እሮጣለሁ። ያን ቀን ግን ዓይኔ ቋጠሮ ለምዶ ስለነበር ማዶ ያለው ምሰሶ ላይ አረፈ። ገመዱ አዲስ ነው። ቋጠሮዎቹ በረድፍ ተደርድረዋል። የእኛው ቋጠሮ ነው። የድልድዩ ማዶ ጫፍ ከዐለቱ ጋር አብሮ የተፈጠረ ነው ብለን ነበር የምናምነው፤ ወይም፣ እውነቱን ልናገር፣ ስለ እሱ አስበን አናውቅም።

ምሰሶው ሥር አንዲት አሮጊት ጨው ይሸጣሉ፤ እማማ ዘርትሁን ይባላሉ።

«እማማ፣ ይሄንን ማን ቋጠረው?» አልኳቸው።

«እኛ ነና። ያንን ጫፍ እናንተ፣ ይሄንን ጫፍ እኛ። ድልድይ ሁለት ጫፍ የለውም እንዴ?»

«ቀለበቱንስ… ማዞሩን ታውቃላችሁ?»

ማኘክ ታውቃላችሁ ወይ ብዬ የጠየቅኳቸው ይመስል አዩኝ። ከዚያ ፍየላቸው ፀሐይ ላይ ስለነበረች ተነሱና ፈቷት፤ ወደ ጥላው ወሰዱና መልሰው አሰሯት። ጫፉን ያዙ፣ ቀለበቱን ገለበጡት። ቀስ ብለው ነው የገለበጡት፤ ወደ እኔ እየተመለከቱ።

«የሰውየው እጅ መሰበሩን ሰምተን ነበር» አሉ የጨው ከረጢታቸውን እየከፈቱ። «የዕድሳቱ ዕለት የራሳችንን ጨርሰን፣ ከጉሙ ወዲህ ስልሳ ሰው ቆመን ጠበቅን። የጠራን የለም።»